ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ክትባት ወይም ስለ ደም ግፊት ሳይሆን ስለ ድረ ገጽ ሱቅ ነው። “ጡረተኛ ነርስንና ድረ ገጽን ምን አገናኛቸው?” ትሉ ይሆናል። ያገናኘን የልጄ ዕቁብ ነው።

የመጨረሻዋ ልጄ ጎፋ ገብርኤል አካባቢ ካለው ቤታችን አንዷን ክፍል ይዛ የልጆች የሐበሻ ልብስ ትሰፋለች። ገበያዋን የጀመረችው በቴሌግራም ነው። ፎቶ ትለጥፋለች፤ ደንበኛ ይጽፍላታል፤ ብሩን በቴሌብር ይልክና የከፈለበትን ስክሪንሾት ያሳያታል። ሥራው ሲበዛ ግን መልእክቱ ይደባለቅባት ጀመር። አንድ ጊዜም የተላከላት ስክሪንሾት የውሸት ሆነ፤ ልብሱ ከሄደ በኋላ ሒሳቧን ብታይ የገባ ነገር የለም። ያኔ “እማዬ፣ የራሴ ድረ ገጽ ያስፈልገኛል” አለችኝ።

ዕቁቧ ሲወጣላት 40 ሺህ ብር ለአንድ ድረ ገጽ ሠሪ ከፈለች። እውነትም ያምር ነበር። ዓመት እንደሞላው፣ የታኅሣሥ ገብርኤልና የጥምቀት ትእዛዝ በተደራረበበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት አልከፍት አለ። ለካ የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በሠሪው ስም ኖሯል፤ የዓመት ክፍያው አልታደሰም፤ የይለፍ ቃሉም ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ስልኩን አያነሳም። የደንበኞቿ ስም፣ የሕፃናቱ ልክ፣ የከፈለውና ያልከፈለው ሁሉ እዚያው ቀረ።

ትንሽ ያዳነን ደብተር ነው። ከሥራ ይዤው በወጣሁት ልማድ፣ ልጄ እየሳቀችብኝ፣ አንዳንዱን ትእዛዝ እጽፍ ነበር። ያልጻፍኳቸው ግን ጠፉ። የአንዲት ሕፃን እናት ክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀረው ደውላ “ልብሱስ?” አለች። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀኗ ነው፤ ለሰፊ ተብሎ ቀኑ አይገፋም። ልጄ ሁለት ሌሊት መኪናዋ ላይ አደረች።

ተረኛ ነርስ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ መዝገቡን ለምትገባዋ አስረክባ ነው። “ካርዱን ቤቴ ወስጄዋለሁ” የምትል ነርስ የለችም። እኛ ግን ሙሉ ካርድ ክፍላችንን ለማናውቀው ሰው ሰጥተን ነበር።

ሁለተኛውን ስትመርጥ እንግዲህ አብሬያት ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ሱቅ ከጀርባው ዕቃውን የሚደረድር፣ ትእዛዝ የሚቀበልና ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም አለው። ባለሙያዎቹ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይሉታል። እኔ እንደገባኝ በግርድፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኪራይ ቤት ነው፤ የካናዳው ሾፒፋይ እንዲህ ነው። በየወሩ ይከፈላል፤ ጥበቃውንና እድሳቱን ባለቤቶቹ ይሠሩታል። ሁለተኛው በራስ ይዞታ ላይ እንደሚሠራ ቤት ነው፤ ዎርድፕረስና በላዩ የሚጫነው ውኮሜርስ ከዚህ ይመደባሉ። ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል፤ ለድረ ገጹ ስምና ለማስቀመጫ ቦታው ግን ይከፈላል፤ ጣሪያው ሲያፈስም ጠጋኙን የምትፈልጉት እናንተው ናችሁ። ማጀንቶ የሚባልም አለ፤ እሱ ለትልልቅ ነጋዴዎች እንጂ ለአንዲት ስፌት መኪና አይሆንም።

ልጄ ሾፒፋይን ወደደችው። እኔ ደግሞ ካልኩሌተር አመጣሁ። ኪራዩ በዶላር ነው። በወር 30 ዶላር ብንል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር 1,700 ብር ያህል ይሆናል። በጥቂት ሳምንታት ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ኪራይ ከ3,000 ብር በላይ ሆነ። የሕፃን ቀሚስ ዋጋ እንዲህ አይዘልም። የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ መቀበያም አገራችን ውስጥ አይሠራም።

እሷም ዝም አላለችም፤ “እማዬ፣ ነፃ ያልሽው ቤት ካልታደሰ ሌባ ይገባበታል። ማን ያድሰዋል?” አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ለእድሳት የሚከፈለውን የወር ወጪ ሒሳቡ ውስጥ አስገባነው። ያም ሆኖ ውኮሜርስ በለጠብን። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ “ሱቅ ልክፈት” ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት እኛ የተማርነውን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ደንበኛው በምን ይከፍላል? ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እጃችን ላይ ነው። እንደ ቻፓ ያሉ አገናኞች ደግሞ ክፍያውን ከድረ ገጹ ጋር ያያይዙታል፤ ብሩ መግባቱን ፕሮግራሙ ራሱ ያረጋግጣል። ስክሪንሾት ማመን ቀረ።

ሁለተኛ፣ ስሙ በማን ተመዘገበ? በባለቤቷ ኢሜይልና ስልክ መሆን አለበት። ሠሪው የሚገባበት የራሱ መግቢያ ይሰጠው፤ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል።

ሦስተኛ፣ ዝርዝሩ ይወጣል ወይ? በሾፒፋይም በውኮሜርስም የደንበኛና የትእዛዝ ዝርዝርን አውጥቶ በኤክሴል መክፈት ይቻላል። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት “እስቲ አሁን አውጣልኝ” በሉት። እኛ ዘወትር አርብ ማታ ፍላሽ ላይ እናስቀምጣለን።

አራተኛ፣ በአያት ስልክ ይከፈታል ወይ? ያለ ዋይፋይ፣ በተራ ስልክ፣ በአማርኛ። ልጄ የምትሞክረው በእኔ ስልክ ነው፤ እኔ ከተደናገርኩ ያስተካክሉታል።

አምስተኛ፣ ስለ ሕፃናቱ ምን ይመዘገባል? ልኩ ከበቃ የልደት ቀን ምን ያደርጋል? የሰው ልጅ ፎቶም ያለ ወላጁ ፈቃድ አይለጠፍም። እኛ ነርሶች የታካሚን ምስጢር መጠበቅ የተማርነው ገና ተማሪ ሳለን ነው፤ አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

በወር አሥር ትእዛዝ ብቻ ላላት ግን ቴሌግራሙ ይበቃታል፤ ዕቃ ከመላኳ በፊት ከቴሌብር ወይም ከባንኩ የመጣላትን መልእክት ራሷ ትይ። ዕቁቧንም ለጨርቅ ታውለው።

የአዲሱ ድረ ገጽ የይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ ሳጥኔ ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጧል። ደብተሬንም አልተውኩም። አሁን ልጄ አትስቅብኝም፤ ማታ ማታ “እማዬ፣ ጻፍሽው?” ትለኛለች።