በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያ በሎች

ቫይረስ የሚለው ቃል ከኮሮና ወዲህ ለብዙ ቤተ ሰብ የድንጋጤ ቃል ሆኗል። ይሁን እንጂ በያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ ቍጥር የሌላቸው ቫይረሶች ይኖራሉ፤ የሚበዙትም የሚያጠቁት እኛን ሳይሆን በዚያው የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው። ሊቃውንት ባክቴሪዮፋጅ፣ ማለት ባክቴሪያ በል፣ ብለዋቸዋል።

ስሙን ያወጣላቸው ፌሊክስ ዴሬል ነው። በፓሪስ በፓስተር ተቋም ሲሠራ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የያዛቸውን ሰዎች ዓይነ ምድር መርምሮ፣ የበሽታውን ባክቴሪያ የሚያጠፋ ረቂቅ ነገር ማግኘቱን በ1917 እ.ኤ.አ. ገለጸ። በሽተኛው መሻል ሲጀምር ይህ ባክቴሪያ በል እንደሚበረታም አስተዋለ። ከዚህ የተነሣ ለመድኃኒትነት ታሰበ፤ የኦርቶዶክሳውያን አገር በሆነችው በጆርጂያ፣ በትብሊሲ ከተማ፣ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ታዲያ ሁሉም ወዳጆቻችን ናቸውን? አይደሉም። አንዳንዱ ባክቴሪያውን በመግደል ፈንታ በውስጡ ተሸሽጎ፣ ከዘሩ ጋር ተዋሕዶ ይኖራል። የኮሌራ ነገር እንዲህ ነው። ይህ በሽታ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበር የሸዋ መዲና በነበረችበት ጊዜ፣ ሕዝቡን ፈጅቷል፤ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ በዓለም ላይ የሚያውቅ አልነበረም። የኮሌራ ባክቴሪያ ገዳይ መርዙን የሚያገኘው በውስጡ ካደረ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። መርዙም አንጀት ውኃና ጨው ያለ ልክ እንዲያፈስ ያስገድደዋል፤ ሕክምና ያላገኘ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ብዙ ምእመናን በተሰበሰቡበት በቋራ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል፣ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ጠበሉ አይደለም፤ መጸዳጃ በማይበቃበት ስፍራ ሕዝብ ሲበዛ በዓይነ ምድር የተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ የምትወርዱ እናቶች ከስንቁ ጋር ሳሙና ያዙ፤ ለመጠጥ የሚሆነውንም ውኃ አፍልታችሁ በክዳን ዕቃ አኑሩት።

ተቅማጥ ከያዘ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። እስከዚያው ኦአርኤስ ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ልክ እንጂ ቍልል አይሁን፤ ጨው ሲበዛ ሕፃንን ይጎዳልና። ልጁ ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ታግሣችሁ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት፤ የሚጠባም ከሆነ ጡት አትከልክሉት።