ሰልፉ ሲረዝም ቀድሞ መታየት ያለበት ማነው?

ሰሞኑን በካኩማ በክሊኒኮቻችን በር ላይ ገና ሳይነጋ የሚቆመውን ሰልፍ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ካርዳቸውን በእጃቸው እንደያዙ ይጠብቃሉ። ፀሐይ ስትበረታ ግማሹ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ ሰልፍ እንዲሁ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን እንዲታገድ ያዘዘ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ ዩኤስኤይድ የውጭ ዕርዳታ መስጠቱን አቁሟል። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር.ም በጁን 2025 ወደ 3,500 የሚጠጉ የሥራ መደቦችን እንደሚያጥፍ አስታውቋል። በኬንያ ካምፖች የሚታደለው ራሽንም በ2025 ከሙሉው መጠን ከግማሽ በታች ወርዶ እንደነበር ሁላችንም በድስታችን እናውቀዋለን። ራሽን ከበሽታ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ የከሳ ልጅ በትንሽ ነገር እንደሚታመም፣ የታመመ ልጅ ደግሞ መብላት ትቶ ይበልጥ እንደሚከሳ ይወቅ። እንዲያውም በጣም የከሳ ልጅ ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት ሰውነቱ ላይግል ይችላል። "ትኩሳት የለውም" ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

በዙሪያችን ያለውም ዕረፍት የሚሰጥ አይደለም። ሱዳን በኦገስት 2024፣ ደቡብ ሱዳን በኦክቶበር 2024 የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱን አውጀዋል። በአገራችን በኢትዮጵያም ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና ከ1,100 በላይ መሞቱን የዓለም የጤና ድርጅት ገልጾ ነበር። ሰው ከነዚህ አገሮች ወደዚህ ይመጣል፣ ከዚህም ወደዚያ ይሄዳል።

እኔ አስተማሪ እንጂ ነርስ አይደለሁም። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በጎረቤቴ ቤት ባየሁት ነገር ነው። የዘጠኝ ወር ልጅ ሳል ያዘው። እናቱ "ብርድ ነው" ብላ ሁለት ቀን ቅባት ቀባችው። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ተነስታ ተሰለፈች፣ ተራዋ ሳይደርስ ቁጥሩ ሞላ ተባለችና ተመለሰች። በዚያ በር ላይ ልጇን ገልጦ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ማታ ላይ በአገር ቤት ነርስ የነበሩ፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት አዛውንት መጡ። ልጁን አላገላበጡም፣ አላስለቀሱትም። ልብሱን ብቻ ገለጥ አድርገው የእኔን ስልክ ተቀበሉና ሰዓቱን እያዩ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ቆጠሩ። "ስልሳ አራት። ይኼ አያድርም" አሉ። ያን ሌሊት ቦዳቦዳ ለማግኘት የተከፈለውን መከራ ልተወው። ልጁ ሆስፒታል ገባ፣ ኦክሲጅን ተደረገለት፣ ዛሬ ዳዴ ይላል።

ታዲያ ያን ቀን ጧት የጎደለው መድኃኒት ነበር? አልነበረም። የጎደለው በሰልፉ መካከል አልፎ "ይህ ልጅ ይቅደም" የሚል ዓይን ነው። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚታጠፈው ደግሞ ይኸው ይመስለኛል፤ በር ላይ የምትቆመው ረዳት፣ ከብሎክ ብሎክ የሚዞረው የጤና ሠራተኛ፣ በኢንሴንቲቭ የሚሠራ ስደተኛ። ሐኪም አይደሉምና በወረቀት ላይ ሲታዩ ቀላል ናቸው። ዋጋቸው የሚታወቀው ሲጠፉ ነው።

እትዬ የሠሩት ነገር በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ ያለ፣ ማንም ሊማረው የሚችል ነው። ልጁ ተረጋግቶ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠራል። ለግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፣ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይሮጣል አንዴ ይዘገያልና። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከቆጠርን ፈጣን ነው። ሳል ካለው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን መታየት አለበት። አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የታችኛው ደረቱ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው፣ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ልብሱን ሳይገልጡ ይህን ማየት አይቻልም። ብርድ ነው ብለን በሦስት ፎጣ የጠቀለልነውን ልጅ ማን ደረቱን ያየዋል?

ከሳል ሌላም የትኛውም በሽታ ይሁን፣ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ወይም ፈዞ ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሰልፉን ጥሶ መግባት ነው። ሰልፈኛውም "ተራ ጠብቂ" ብሎ መጮህ የለበትም። ከሁለት ወር በታች ያለ ጨቅላ ሲሆን ደግሞ ከዚህም ያነሰ ምልክት ይበቃል፦ ጡት እምቢ ማለት፣ መጋል ወይም በተቃራኒው መቀዝቀዝ፣ የእትብቱ ዙሪያ መቅላት ወይም መግል። ትኩሳት ያለው ሰው አንገቱ ደርቆ አገጩን ወደ ደረቱ ማድረስ ካቃተው የማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል፣ ትልቅ ሰውም ቢሆን አይቆይ። ኩፍኝ ትኩሳትን ከሳል፣ ከንፍጥና ከቀላ ዓይን ጋር ይዞ ይመጣል፤ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ያ ልጅ ከሌሎች ልጆች ይለይ፣ ቫይታሚን ኤም ያስፈልገዋል። ወባን ግን በዓይን መለየት አይቻልም፣ ከጣት ደም ሰጥቶ መመርመር ነው። "የለመድኩት ወባ ነው" እያለ ከሱቅ ኪኒን የሚውጥ ሰው በእኛው ብሎክ ሞልቷል።

ተቅማጥን በተመለከተ የስደተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1971 በዛሬዋ ባንግላዴሽ ጦርነት ተነስቶ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ሸሹ። በድንበር አጠገብ ባለችው በቦንጋኦን ከተማ በስደተኞቹ መካከል ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ፣ ነርስም ሐኪምም አልበቃ አለ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሕንዳዊ ሐኪም ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በውሃ አስበጥብጦ በበርሜል አስቀመጠና የበሽተኞቹ ዘመዶች በኩባያ እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረገ። ከመቶው ሰላሳ ያህል ይሞት የነበረው ወደ አራት ገደማ ወረደ። ዛሬ በየክሊኒኩ የምናገኘው ኦ.አር.ኤስ. ጥቅሙ ለዓለም የታየው በዚያ ካምፕ ነው፤ አስታማሚዎቹም እንደ እኛው ያሉ ስደተኞች ነበሩ።

ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ማንበብ አለብን። ብዙውን ጊዜ አንድ ሊትር ነው፣ ግን ለግማሽ ሊትር የሚሆንም አለ። ፓኬት ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨው መብዛት የለበትም፣ ይጎዳል። በማንኪያ ቀስ እያሉ ማጠጣት፤ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መጀመር። ጡት አይቋረጥ፣ ምግብም አይከልከል። ክሊኒኩ የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን መወሰድ አለበት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ከሌለው፣ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን ቤት መቀመጥ የለም። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ካጣደፈው ደግሞ ትልቅ ሰውንም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ እያጠጡ ማድረስ፣ ለብሎክ መሪም መናገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ልማድ ዝም ብዬ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። "ጥርስ ሊያወጣ ነው" እያልን ተቅማጡን እናያለን። እንጥል እናስቆርጣለን፣ ግግ እናስወጣለን፣ በዚያው ምላጭ ሌላ ኢንፌክሽን እናስገባለን። ከሱቅ ሁለት ፍሬ አሞክሲሲሊን ገዝተን ለጉንፋን እንሰጣለን፤ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አሞክሲሲሊን አያድነውም፣ ሁለት ፍሬም ምንም በሽታ አትጨርስም። ቤት ያለን መድኃኒት ውሃና ሳሙና ነው፤ ሳሙናው ደግሞ ከራሽኑ ጋር መቅረቱን አውቃለሁ። ይኼ ግን የእናቶች ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ በየስብሰባው ተጨማሪ ሐኪም ይምጣልን እያልን ከምንጮህ፣ እርግጥ ቢመጣ ደስ ይለናል፣ አሁን ባለው በጀት የሚሆነውን እንጠይቅ። በየክሊኒኩ በር ላይ ገና ከንጋት ጀምሮ ሰልፉን የሚያይ አንድ የሠለጠነ ሰው ይመደብ። ከሥራ የተቀነሱት የብሎክ የጤና ሠራተኞች እውቀታቸው አብሮ አልተቀነሰምና ለጥቂት ሰዓት እንኳ ይመለሱ። ምልክቶቹ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በሥዕል በሩ ላይ ይለጠፉ።

እኔ በበኩሌ በክፍሌ ጀምሬዋለሁ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼ የታናናሾቻቸውን ትንፋሽ ቆጥረው እንዲመጡ አዘዝኩ። አብዛኞቹ ሠላሳ ምናምን ይዘው መጡ። አንዷ ግን ሃምሳ ስምንት ብላ ጻፈች። "የስንት ወር ነው?" አልኳት። "ሰባት።" "ያስለዋል?" ራሷን ነቀነቀች። ደብተሯን አስይዤ ወደ ቤት ላክኋት፣ ለእናቷም ቁጥሩን በቀይ ጻፍኩላቸው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ እንዲያሳዩት።