የሚፈጥነውን አዘግይቶ፤ የሚዘገየውን አፋጥኖ የሚያሳይ ካሜራ ለመግዛት

ዕቁብ የደረሰው ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ልብስ ግዛበት፤ ሌላው ባንክ አስቀምጠው ይለዋል። የእርስዎ ልብ ያረፈው ግን በቪዲዮ ካሜራ ላይ ከሆነ፤ ያውም ፈጣኑን ነገር አዘግይቶ፤ ዘገምተኛውን አፋጥኖ በሚያሳየው ላይ ከሆነ፤ የብዙ ወር ቁጠባዎ ባንድ ቀን ከኪስዎ ከመውጣቱ አስቀድሞ ይህን ቢያነቡ አይጎዱም።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎች በረድፍ አቁሞ የሚጋልብ ፈረስ አነሣ። አራቱም ኮቴዎች ባንድነት ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩ በሥዕሉ ታወቀ። በ1910 ደግሞ እንግሊዛዊው ፐርሲ ስሚዝ አበቦች ሲፈነዱ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። ፊተኛው ለዓይን የፈጠነውን፤ ኋለኛው ለዓይን የዘገየውን ገለጡልን።

አሠራሩ ተራ ሒሳብ ነው። ሲኒማ በ1 ሴኮንድ 24 ሥዕሎች ያሳያል። ካሜራው በሴኮንድ 120 ሥዕሎች አንሥቶ በ24 ቢያሳያቸው ድርጊቱ 5 እጥፍ ይዘገያል፤ 240 ቢያነሣ 10 እጥፍ ይዘገያል። በአንጻሩ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ሥዕል ቢያነሣ፤ የ1 ሰዓት የደመና ጉዞ 720 ሥዕሎች ሆኖ በ30 ሴኮንድ ያልቃል።

እንግዲህ ከሱቁ ሲገቡ በመጀመሪያ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመርምሩ። አንዳንዱ ካሜራ ጥቂት ሥዕል አንሥቶ የቀረውን በስሌት ይፈጥራል። አንዳንዱም ፍጥነቱን ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይችላል። ፍጥነት ሲጨምር ሥዕሉም ሊያንስ ይችላል። በ2008 የወጣው የካሲዮ ኤፍ 1 ካሜራ በሴኮንድ 300 ሲያነሣ የሥዕሉ መጠን 512 በ384 ነጥብ ነበረ፤ 1,200 ሲያነሣ ግን 336 በ96 የሆነች ቀጭን ቁራጭ ብቻ ቀረች። ስለዚህ «ስንት ያነሣል?» ብቻ ሳይሆን «በምን ያህል ጥራት? ለምን ያህል ጊዜ?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። በሴኮንድ 240 ሥዕል የሚያነሣ ካሜራ ለእያንዳንዱ ሥዕል ከሴኮንድ 240ኛ እጅ የበለጠ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሥዕሉ ይጨልማል። ደግሞም በአገራችን የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን ያላየው ርግብግቢት በዘገየው ፊልም ላይ ፈጦ ይወጣል። እዚያው ሱቁ ውስጥ የባለሱቁን አምፖል አንሥተው መልሰው ይዩት።

ሦስተኛው፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በዓይን ለማየት ለሚሹ ነው። አደይ አበባ ሲፈካ በየ1 ደቂቃው ቢያነሡ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ለዚህ ካሜራው ራሱ በየጊዜው የሚያነሣበት ሰዓት፤ ብርሃኑንና የትኩረት ርቀቱን በእጅ የሚቆልፉበት ቁልፍ፤ እየሠራ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ሽቦ ያስፈልገዋል። ጠንካራ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያም አይርሱ፤ አለዚያ የቀኑን ድካም አንድ የንፋስ ሽውታ ያበላሸዋል።

በመጨረሻ፤ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት በኪስዎ ያለውን ስልክ ይፈትኑ። በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ እንኳ በሴኮንድ 120 ሥዕል ያነሣ ነበር። ተማሪ ከሆኑ ከ1 ሜትር ከ20 ከፍታ ጠጠር ይጣሉ፤ መሬት እስኪደርስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በሴኮንድ 240 በሚያነሣ ስልክ 120 ያህል ሥዕሎች ያገኛሉ፤ ከነሱም የመሬትን ስበት አስልተው ማግኘት ይችላሉ። ለዚህ ሥራ ካሜራ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።

ነገር ግን ከሩቅ አቅርቦ የኳስ ጨዋታ ለማንሣት፤ ወይም በዕረፍት ቀን ሠርግ እየቀረጹ ደመወዝዎን ለመደጎም ካሰቡ፤ ጥሩ የማቅረቢያ መነጽር ያለውና ለብዙ ሰዓት የማይታክት ካሜራ ዋጋውን ይመልሳል። እንግዲያው አስቀድመው ሥራዎን ይወስኑ፤ ካሜራውን ቀጥለው ይምረጡ። ባለሱቁ የሚሸጥልዎ ቁጥር ነው፤ የሚገዙት ግን መሣሪያ ይሁን።