የሲጋራ ካርድ ስለ ሴት ምን ይነግረናል?

በአሜሪካ አገር በቀድሞ ዘመን የሲጋራ ፓኮ ስስ ወረቀት ስለ ነበረ፣ ሲጋራው እንዳይሰበር ጠንካራ ካርድ ይገባበት ነበር። ነጋዴዎችም ካርዱን ባዶውን ከመተው ሥዕል አተሙበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1880 በኋላ ከታተሙት መካከል እጅግ ብዙዎቹ የሴቶች፣ በተለይም የቲያትር ተጫዋቾች ሥዕሎች ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች እነዚህን ካርዶች «ለዓይን ደስ ይላሉ» ብለው ያልፏቸዋል። ሌሎች ደግሞ «የሴትን ክብር ስለሚነኩ ቢጣሉ ይሻላል» ይላሉ። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች የካርዱን አንድ ፊት ብቻ ያዩ ይመስለኛል። ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ፣ አገላብጠን ብንመረምረው ብዙ እንማርበታለን።

በሪችመንድ ከተማ የነበረው አለንና ጊንተር የተባለው ኩባንያ በ1888 «የዓለም ቆነጃጅት» የሚል ስም የሰጣቸውን 50 ካርዶች አወጣ። በዚያው ኩባንያ ሲጋራውን በእጃቸው ይጠቀልሉ የነበሩት አብዛኞቹ ልጃገረዶች ነበሩ፤ በቆነጃጅቱ ካርድ ላይ ግን ለሠራተኛ እጅ ቦታ አልተሰጠም።

ይሁን እንጂ ኩባንያው በ1887 «የዓለም ሻምፒዮኖች» ብሎ ባወጣቸው 50 ካርዶች ውስጥ አኒ ኦክሊ የተባለች ዒላማ ተኳሽ ትገኛለች። እርሷን ለካርድ ያበቃት ችሎታዋ ነው። ስለዚህ ሴት በሥራዋ ልትታወቅ እንደምትችል ነጋዴው አላጣውም፤ መልኳን ያበዛው ገበያ ስለሚስብለት ነው።

«ዘመኑ እንዲህ ነበር» የሚለው ምክንያትም አይበቃም። የትምባሆ ነጋዴው ዋሽንግተን ዱክ ራሱ በ1894 ለልጁ ለጄምስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በፓኮ ውስጥ የሚገቡትን ነውረኛ ፎቶግራፎች ተቃውሟል። የዘመኑ ሰው፣ ያውም ከንግዱ የተጠቀመ ሰው፣ ነውርነቱን አይቶታል ማለት ነው።

ታዲያ ካርዶቹ ይጣሉ? አይደለም። ጄፈርሰን በርዲክ የተባለ አሜሪካዊ ከ300,000 የሚበልጡ ካርዶችንና ልዩ ልዩ የታተሙ ወረቀቶችን ሰብስቦ በኒውዮርክ ለሚገኘው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም መስጠቱ የሚመሰገን ሥራ ነው። ምስክር ከጠፋ ፍርድም ይጠፋልና።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ዛሬም በሳሙናውና በስልኩ ማስታወቂያ ላይ የሴት መልክ ስናይ ዝም ብለን አንለፍ። የሚሸጠው ዕቃው ነው ወይስ እርሷ? ስሟ ማን ነው? ሥራዋስ ምንድን ነው? ይህን መጠየቅ የለመደ ተማሪ፣ አጠገቡ የምትማረውንም እኅቱን በመልኳ ብቻ አይመዝናትም።