የባልንጀራህስ ዕዳ?

«የአባቶቻችን የዕርቅ ሥርዓት ሁሉ የሰይጣን ነው» የሚል ስብከት በወጣቶች ኅብረታችን ሞቅ ያለ «አሜን» ያገኛል። እኔ አሜን አልልም። ጉማ ከኃጢአት ያድናል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እኛ ስለ በደል የዘነጋነውን አንድ ነገር ያውቃል።

በኦሮሞ ባሕል ሰው ሲገደል የሟችና የገዳይ ወገኖች ደም ይፈላለጋሉ፤ በአንድ ማዕድ አይቀመጡም። ሽማግሌዎች ሲገቡ የገዳይ ወገን ጥፋቱን ያምናል፣ በከብት ወይም በገንዘብ ካሳ ይከፍላል፣ እንስሳ ታርዶ ዕርቅ ይወርዳል። የእንስሳው መታረድ ካሳውን አያስቀርም።

አሁን ዘሌዋውያን 16ን ግለጡ። በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ። አንዱ ይታረዳል። ሊቀ ካህኑ በሁለተኛው ራስ ላይ እጆቹን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝና ፍየሉ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። የአገራችን ቤተ እስራኤላውያንም ይህን ቀን «አስተስርዮ» ብለው በጾም ሲያከብሩት ኖረዋል።

«ሁለቱም ያው ነው» የሚሉም ተሳስተዋል። ጉማ በዋናነት ወገንን ከወገን ያስታርቃል፤ የስርየት ቀን ግን ሕዝቡን በቅዱሱ አምላክ ፊት ያቆማል። ሆኖም ያው ኦሪት በምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ ምን ይላል? የባልንጀራውን ገንዘብ የካደ ሰው ዋናውን ይመልስ፣ አምስተኛውን እጅ ይጨምር፣ የበደል መሥዋዕቱንም ያምጣ። 1,000 ብር የካደ 1,200 ይመልሳል ማለት ነው። አውራ በጉ ብቻውን አይበቃም።

«እኛ እኮ ከጸጋ በታች ነን፤ ክርስቶስ አንድ ጊዜ ለሁልጊዜ ሞቷል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ታዲያ ጸጋ የጎበኘው ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ ያለው ለምንድን ነው? ጌታስ በማቴዎስ 5 መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ለማን ነው?

የዕቁብ ዕጣውን በልቶ ስልኩን የዘጋ ወንድም እሑድ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ደሙ ይዘምራል። ገንዘቧን ያጣችው እኅት ሰኞ ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ስለ ወንጌላችን ምን ታስብ? ጉማ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ቢሆኑ «በመጀመሪያ ካሳዋን» ይሉት ነበር። ኦሪትም ወንጌልም ይህንኑ ይሉታል።

ወንድሜ፣ ልትከፍለው የማትችለውን ክርስቶስ ከፍሎልሃል። የምትችለውን ግን ክፈል። የሚቀጥለው የዝማሬ ተራህ ሳይደርስ ደውልላት።