የተሽከርካሪ ሕግ የሚወጣው በምክር ቤት ነው



በምርጫው ዕለት ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ይሰጧችኋል። አንደኛው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለክልላችሁ ምክር ቤት ነው፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት። ብዙው ሰው ሁለተኛውን ወረቀት አቅልሎ ያየዋል። ይሁንና ባጃጅ በየትኛው መንገድ ይሥራ፣ ሞተር ብስክሌት ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው በክልልና በከተማ ደረጃ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሲሰጥ፣ ለይቶ ያልሰጠውን በአንቀጽ 52 ለክልሎች ትቷል።

ሥልጣኑ በሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ሆኖ ሳለ፣ በተግባር ሲወስኑ የምናየው ግን ቢሮዎችን ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከተፈቀደላቸው በስተቀር፣ ሞተር ብስክሌቶች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። ምክንያቱ ዝርፊያ ነበር። ዝርፊያ መኖሩን አንክድም፤ ነገር ግን ወንጀል በግለሰብ ላይ በፍርድ ቤት ይረጋገጣል እንጂ በመጓጓዣ ዓይነት አይፈረድም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተራው የባጃጆች ሆነ። ክልከላው ብዙም ሳይቆይ ቢላላም፣ በብድር ባጃጅ የገዛ ወጣት ባጃጁ በቆመበት ቀን አበዳሪው ወለድ መቁጠሩን አያቆምለትም። ዋና መንገድ በራቀበት ሰፈር የሚኖሩ እናቶችና ተማሪዎችም በእግራቸው ተጉዘዋል።

ከላይ ያለው አሠራርም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሕዝቡ የሰማው በጥር 2016 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ካቀረበው ሪፖርት ነው። ሕዝብ የመረጠው አካል ውሳኔውን እንደማንኛውም ሰው ሰማ ማለት ነው። እኛ የኤሌክትሪክ መኪናን አንቃወምም፤ ሀገራችን ነዳጅ አታመርትም፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ግን ከወንዞቿ ታገኛለች። የምንጠይቀው መብራት በየዕለቱ በሚቋረጥበት ወረዳ የሚኖር ሰው የት ይሞላል፣ ባትሪው ሲደክምስ ማን ይጠግንለታል የሚለው ከውሳኔው በፊት ለምን በአደባባይ አልተመከረበትም ብለን ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ቢጥልም፣ ቢያንስ ረቂቁ በምክር ቤት ቀርቦ ክርክር ተነሥቶበታል።

ገዢው ፓርቲ ይህን ለማስተካከል የሚያስችል ሕግ አልጎደለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 41 ዜጎች በመረጡት ሥራ የመተዳደር መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ፣ የጸደቀውንም እንዲያስመዘግብና ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል። አሽከርካሪው ግን አዲስ ደንብ መኖሩን ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ትራፊክ ፖሊስ ካስቆመው በኋላ ነው።

ስለሆነም ለክልልና ለከተማ ምክር ቤቶች የምናቀርባቸው ዕጩዎች አንድን የተሽከርካሪ ዓይነት ከመንገድ የሚያስወጣ ማንኛውም ውሳኔ በረቂቅ ሕግ መልክ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ይሠራሉ። የባለንብረቶችና የአሽከርካሪዎች ማኅበራት በቋሚ ኮሚቴው ፊት ሳይሰሙ ድምፅ አይሰጡም። በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ፣ ታርጋ አውጥቶና ግብር ከፍሎ ሲሠራ ለኖረ ሰውም፣ ብድሩን የሚዘጋበት ወይም ንብረቱን የሚለውጥበት የመሸጋገሪያ ጊዜ በሕጉ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ ያደርጋሉ። ታትሞ ባልወጣ መመሪያ የተጣለ ቅጣት እንዲመለስ የሚያዝ አንቀጽም በረቂቃችን ተካቷል።