ያልተጠየቀው የሰሃራዊ ሕዝብ ፈቃድ

ስለ ምዕራብ ሰሃራ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የሚያተኩረው በሞሮኮና በአልጄሪያ ፉክክር እንዲሁም በኃያላን መንግሥታት አሰላለፍ ላይ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ቀዳሚው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም የግዛቱ ሕዝብ ፈቃዱን የሚጠየቀው መቼ ነው የሚለው ነው።

የሕግ መሠረቱ ግልጽ ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ በሞሮኮ ሱልጣንና በአንዳንድ የአካባቢው ጎሳዎች መካከል የታማኝነት ትስስር እንደነበረ ተቀብሏል። ይሁንና ትስስሩ የግዛት ሉዓላዊነትን እንደማያረጋግጥና ሕዝቡ የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን መብቱን እንደማያስቀር ደምድሟል። ስፔን ግን በዚያው ዓመት ሕዝቡን ሳታማክር ለቅቃ ለመውጣት ከሞሮኮና ከሞሪታኒያ ጋር ተስማማች። በተከተለው ጦርነት በርካታ ሰሃራውያን ተሰደዱ፤ በአልጄሪያ ቲንዱፍ አቅራቢያ ባሉ መጠለያዎች ዛሬም ልጆች በስደት ይወለዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ «ሕዝበ ውሳኔ» የሚለውን ቃል በስሙ ቢይዝም፣ ማን ይምረጥ በሚለው ውዝግብ ምክንያት ድምፅ ሳይሰጥ ቀርቷል። ተልዕኮው የሰብአዊ መብት አያያዝን የመከታተል ሥልጣንም የለውም። ይህ ጉድለት ከዋናው ጥያቄ ተነጥሎ አይታይም፤ ስለ ነጻነት መናገር በሚያሳስርበት ቦታ ፈቃድን በነጻነት መግለጽ አይቻልምና።

ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረበችው የራስ ገዝ አስተዳደር ዕቅድ ብቸኛው ተጨባጭ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። ሆኖም ሕዝቡ ከነጻነት ጋር አነጻጽሮ እንዲመርጠው ዕድል እስካልተሰጠው ድረስ፣ ዕቅዱ ችሮታ እንጂ መብት አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ኅብረቱ ከሞሮኮ ጋር የገባቸው የንግድና የዓሣ ሀብት ስምምነቶች የጸደቁባቸው ውሳኔዎች ያለ ሰሃራዊው ሕዝብ ፈቃድ የተላለፉ በመሆናቸው መሻራቸውን አጽንቷል። በባሕሩ ዓሣ ላይ ለመዋዋል የሕዝቡ ፈቃድ ካስፈለገ፣ በምድሩ ዕጣ ላይ ለመወሰንማ ምንኛ ያስፈልግ!

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሰሃራዊቷ ሪፐብሊክ እውቅና ሰጥታለች፤ ሪፐብሊኳ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መቀመጫዋን የያዘችውም እ.ኤ.አ. በ1984 በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የምሁራን አጋርነት ከመፈክር ያለፈ ሊሆን ይገባል። በሞሮኮ ቁጥጥር ሥር ባለው ግዛትም ሆነ ፖሊሳሪዮ በሚያስተዳድራቸው መጠለያዎች ገለልተኛ የሰብአዊ መብት ክትትል እንዲኖር፣ ነጻነትንም በአማራጭነት ያካተተ ሕዝበ ውሳኔ እንዲካሄድ ልንሟገት ይገባል። ውጤቱን መተንበይ የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ጥያቄው እንዳይረሳ ማድረግ ግን ነው።